የነጩ ወንበር ዝውውር

በዋና ሥራ አስኪያጁ ፊርማና በክብ ማኅተም የጸደቀ ማስታወቂያ፣ ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ በማሳያ ክፍሉ መስታወት ላይ ተለጠፈ። እንዲህ ይላል፦ «ለመላው የድርጅታችን ቤተሰብ። ለረጅም ጊዜ በማሳያ ክፍላችን ሲያገለግል የቆየው ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ከዛሬ ጀምሮ ወደ ዕቃ ቤት የተዛወረ መሆኑን እየገለጽን፣ ማንኛውም የቤተሰባችን አባል ውሳኔውን በቀና አመለካከት እንዲቀበል እናሳስባለን።»

ሠራተኞቹ ማስታወቂያውን ቆመው አነበቡት። ለማስታወቂያው ክብር ብለው አይደለም፤ መቀመጫ ስላልነበረ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ይመስላል፤ ድርጅቱ የሚሠራው ሶፋ ነውና። በማሳያ ክፍሉ ባለ ሦስት፣ ባለ ሁለት፣ ባለ አንድ መቀመጫ ሶፋዎች ተደርድረዋል፤ ግራጫ፣ ቡናማ፣ አንድ ደግሞ ዞሮ የሚያየው የጠፋ ሐምራዊ። ሃያ ሰው ሳይጨናነቅ ያስቀምጣሉ። ሆኖም ከዚህ ድርጅት ደመወዝ ከሚቀበሉት ሰዎች አንዱም እንኳ በአንዱም ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «እንዳይቆሽሽ ነው» የሚል ነበር። ስለዚህ ያንን አንድ ነጭ ወንበር ሻጯ ስትነሳ አናጢው፣ አናጢው ሲነሳ ባለቤቱ እየተቀባበሉ ይቀመጡበት ነበር።

እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው። ሶፋ እንደ ሰው ነው፤ ልብሱ ይታያል፣ ሆዱ አይታይም። በዚህ ድርጅት ከላይ ያማረ ጨርቅ አለ፤ ከጨርቁ ሥር አንድ ጣት የምታህል አዲስ ስፖንጅ አለች፤ ከእሷ በታች ያለው የተቀዳደደ ካርቶን፣ የጆንያ ቁራጭና ከአሮጌ ፍራሽ የወጣ ነገር ነው። ቀልድ ሳይናገር ምስማር መምታት የማይችለው አናጢ «ላዩን ለደንበኛ፣ ውስጡን ለቄስ» ይለዋል። ካርቶን ደግሞ አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ሰው ሲቀመጥበት ኮሽ ይላል። ለዚህም መላ ተበጅቶለታል። ሻጯ ከጠዋት እስከ ማታ ሬዲዮ ከፍታ ትውላለች፤ መብራት በጠፋ ቀን ግን ደንበኛው ወገቡን እስኪያጥፍ ጠብቃ ትስላለች። ከልምድ ብዛት ሳሏ ከደንበኛው መቀመጫ ጋር እኩል ያርፋል።

ወንበሩን ያስነሳው አሠልጣኙ ነው።

ባለቤቱ ከወር በፊት አመለካከት፣ ሐቀኝነትና መሪነት የንግድ ስኬት ምሰሶ ናቸው የሚል የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ ነበር። በሁለተኛው ቀን አሠልጣኙ ሠልጣኞቹን ዓይናቸውን አስጨፍኖ የገዛ ቀብራቸውን እንዲያዩ አደረጋቸው። ቀባሪው ስለ እናንተ ምን ይላል? ባለቤቱ በዚህ ጊዜ አለቀሰ። ልቅሶው የውሸት አልነበረም፤ አጠገቡ የተቀመጠ የቆርቆሮ ነጋዴ መሐረብ አውሶታል። በሻይ ዕረፍት ላይ ዓይኑን ጠርጎ፣ ስልክ ደውሎ፣ ሁለት ጭነት ካርቶን አዘዘ።

ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ነው። መጀመሪያ «ጋሼ» መባል ቀረና «መሪ» በሉኝ አለ። አናጢው አፉ አልለመድ ብሎት ሁለት ቀን «መሪ ጋሼ» ሲል ሰነበተ። ቀጥሎ ሦስቱ ምሰሶዎች በማሳያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ በትልልቁ ተጻፉ፤ ቀለም ቀቢው «አመለካከት»ን አስፍቶ ስለጀመረ ለ«መሪነት» ቦታ ጠፋና ፊደሎቹ ልክ እንደ ታክሲ ተሳፋሪ ተደራርበው ቀሩ። በመጨረሻ አሠልጣኙ ራሱ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ እንዲከታተል ተቀጠረ። በመጀመሪያው ቀን ሲገባ፣ መሪውን በሶፋዎቹ መካከል ፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አገኘው።

«በገዛ ምርቱ የማያምን መሪ ተከታይ የለውም» አለ አሠልጣኙ።

በቀጣዩ ሰኞ ማስታወቂያው ወጣ። ወንበሩ ዕቃ ቤት ተቆለፈበት፤ ቁልፉ መሪው ኪስ ገባ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ቆሞ ይውላል። መሪው ብቻ ከቀትር በኋላ «ዕቃ ልቆጣጠር» ብሎ ዕቃ ቤት ይገባና ግማሽ ሰዓት ይቆያል። ከውስጥ አንድም ዕቃ ሲንቀሳቀስ ተሰምቶ አያውቅም።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ የሐቀኝነት ሰዓት የሚባል አሥር ደቂቃ ተጀመረ። ሁሉም ክብ ሠርቶ ይቆማል፤ እያንዳንዱ ስለ ራሱ አንድ ሐቅ ይናገራል፤ ይጨበጨብለታል። በመጀመሪያው ቀን አናጢው አራት ደቂቃ ማርፈዱን ተናገረ። መሪው አቅፎ ሳመው። በማግስቱ ሦስት ሰው አረፈደ። በሦስተኛው ሳምንት በሰዓቱ የሚገባ ሰው ጠፋ፤ በሰዓቱ የገባ ምን ሐቅ ይዞ ይቆማል?

አሠልጣኙ አንድ ቀን ለምርታችሁ ያላችሁን እምነት አሳዩ ብሎ፣ እያንዳንዱ ጀርባውን ሰጥቶ ሶፋ ላይ እንዲወድቅ ጠየቀ። አናጢው ወገቡን እንደሚያመው ያን ቀን አወቀ። ሻጯ ቀሚሷ አዲስ ነበር። መሪው «መሪ የመጨረሻው ነው» አለ፤ የመጨረሻው ተራ ሲደርስም ስልኩ ጠራ። አሠልጣኙ ፈገግ ብሎ፣ እጆቹን ደረቱ ላይ አመሳቅሎ፣ ግራጫው ሶፋ ላይ ወደ ኋላ ወደቀ። ኮሽ አለ፤ ከኮሽታው ሥር ደግሞ ጓ የሚል የእንጨት ድምፅ ተከተለ። ጥቂት እንደተጋደመ ቆየና ጀርባውን ይዞ ተነሳ። «ድንቅ ነው» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ እሱም ቆሞ ማሠልጠን መረጠ፤ ቆሞ የሚናገር ሰው ኃይል አለው ብሎ።

በዚህ ሁሉ መካከል በሰዓቱ መግባት ያልተወ አንድ ሰው ነበር፤ ጋሽ መርፌ። አናጢው የሠራውን የእንጨት አጽም ሆድ የሚሞላውና ጨርቅ የሚያለብሰው እሱ ነው። ቅጽል ስሙን ያገኘው ከሸሚዙ ኮሌታ ከማትጠፋ ትልቅ ቆልማማ መርፌ ነው። እዚህ ሲሠራ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የቀጠሩት የመሪው አባት ናቸው። አንድ ልማድ አለው። መቀመጫውን ከመዝጋቱ በፊት በውስጠኛው እንጨት ላይ በእርሳስ ቀኑንና የሞላውን ነገር ይጽፋል። ሥራውን ያስተማረው ሰውዬ እንዲህ ነበር ያለው፦ ሶፋው ታሞ ሲመለስ ካርዱን እናገኛለን። ድሮ «ስፖንጅ አራት ጣት፣ ስፕሪንግ ዘጠኝ» ይጽፍ ነበር። አሁን የሚጽፈው «ካርቶን፣ ጆንያ፣ ምንነቱ የማይታወቅ» ብሎ ነው። እውነትን ከሶፋ ሥር የሚጽፍ ሰው ጀግና አይባልም። ጋሽ መርፌ ግን ራሱን ከሌሎቹ ትንሽ ከፍ አድርጎ ያይ ነበር፤ እርሳሱ ትዝ ሲለው ሆዱ ይረጋጋል።

አንድ ጠዋት በሐቀኝነት ሰዓት ተራው ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገና «ትናንት ስድስት መቀመጫ ካርቶን ሞላሁ» አለ።

ማንም አላጨበጨበም። ሻጯ ልማድ ሆኖባት ሳለች።

መሪው አሠልጣኙን አየ። አሠልጣኙ «ድንቅ ሐሳብ ነው» አለ፤ የሚለው ሲጠፋው የሚለው ይህንን ነው። ከዚያ አስረዳ። ሐቀኝነት ሰው ስለ ራሱ የሚናገረው ነገር ነው፤ ካርቶን ግን የአመራረት ዝርዝር ነው፤ ዝርዝርን ከእሴት ጋር የሚያደባልቅ ሰው ደግሞ የአመለካከት ችግር አለበት። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ሲበተኑ አናጢው ጠጋ ብሎ «ጋሽ መርፌ፣ ምናለ እንደ ሰው አርፍደህ ብትገላገል» አለው።

ባለፈው ዓመት የመሪው እናት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። መሪው ለእናቱ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ይህን ጠላቱም አይነፍገውም። ወደ አንድ የአጥንት ሕክምና ማዕከል በየጊዜው ለክትትል የሚወስዳቸው ራሱ ነው፤ በመጠበቂያ አዳራሹ ደረቅ አግዳሚ ላይ ከጎናቸው ሰዓታት ይቀመጣል። ሐኪሙ ሲያስጠነቅቃቸውም አብሮ ሰምቷል፤ ሰምጦ የሚያስቀር መቀመጫ ላይ እንዳይቀመጡ፣ ዳሌው ዳግም ከተጎዳ አልጋ ላይ እንደሚቀሩ። ሐኪሙ ይህን ሲናገር ግን የመሪው ዓይን ከሐኪሙ ትከሻ በላይ ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ነበር። ማዕከሉ ለዚሁ መጠበቂያ አዳራሽ አርባ ባለ ሁለት መቀመጫ ሶፋ በጨረታ ሊገዛ ይፈልጋል።

ጨረታውን አሸነፈ። ለናሙና ያቀረበው ሶፋ ከላይ እስከ ታች ስፖንጅ ነበር፤ በዚያ ዓመት በድርጅቱ የተሠራ ብቸኛው እውነተኛ ሶፋ እሱ ነው። የቀሩትን ጋሽ መርፌ ሞላቸው፤ በምን እንደሞላቸው እንጨታቸው ይናገራል።

ርክክቡ አንድ ነገር ብቻ ቀረው። የማዕከሉ የግዢ ኮሚቴ ሰብሳቢ ከምትናገረው ይልቅ የምታዳምጠው የሚበዛ ሴት ናት፤ በሌላ ግዢ ተቃጥላ ታውቃለች። ያኔ የሻጩ ድርጅት ባለቤት ፈርሞ፣ ዕቃው ሲበላሽ «እኔ ምን አውቄ፣ ሠራተኛው ነው» ብሎ አምልጧታል። ስለዚህ አሁን እንዲፈርም የፈለገችው በእጁ የሞላውን ሰው ነው። «ውስጣቸው በሙሉ አዲስ ስፖንጅ መሆኑን በእጄ የሠራሁት እኔ አረጋግጣለሁ» ይላል ወረቀቱ።

መሪው ይህን ሲሰማ ደስታውን መደበቅ አቃተው። መሪነት ኃላፊነትን ማካፈል መሆኑን በሥልጠናው ላይ ተምሯል፤ ትምህርቱ እንዲህ በቶሎ ይደርስልኛል ብሎ ግን አላሰበም። ጋሽ መርፌን ዕቃ ቤት አስጠራው። መሪው ነጩ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጋሽ መርፌ ቆሞ ተነጋገሩ።

«ሐሙስ ሰብሳቢዋ ፊት ትፈርማለህ።»

«እርስዎ ለምን አይፈርሙም?»

«የኔ እጅ መርፌ ይዞ ያውቃል? ክብሩን ለአንተ ሰጠሁህ እኮ፣ ጋሽ መርፌ።»

«የሚቀመጡበት አጥንታቸው የተሰበረ ሰዎች ናቸው» አለ ጋሽ መርፌ።

መሪው ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ «መሪ አያስገድድም» አለው። «ምርጫው የአንተ ነው። ከፈረምክ አብረን አለን። ካልፈረምክ ዓርብ እዚህ ደጅ አልይህ። በስልሳ ዓመትህ መርፌህን ይዘህ የማን በር እንደምታንኳኳ አላውቅም። ይህን የምልህ በቀና ልብ ነው።»

ጋሽ መርፌ ማታ ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ ሳህን እያጠበች ነበር፤ ፊቷን አላዞረችም። ብትፈርም ሰው ትጎዳለህ፣ ባትፈርም እንጎዳለን ብላ ነገሩን ባጭሩ ቋጨችው። እሱ ግን እሺታዋን ወይም እንቢታዋን ፈልጎ ስለ እርሳሱ አነሳ፤ ቢያንስ እኔ እውነቱን ጽፌያለሁ አላት። ሚስቱ ይህን ጊዜ ዞረች።

«ሃያ ሰው እያየህ በእጅህ ሞልተኸዋል። አሁን ፊርማው ነው የከበደህ?» አለችው። «ወይስ እሱንም ሶፋው ሥር ገብተህ ነው የምትፈርመው?»

ከዚህ በኋላ ስለ እርሳሱ አላነሳም።

ሐሙስ ከአራት ሰዓት በፊት ሁሉም ነገር ተሰናድቶ ነበር። ከአርባዎቹ ሶፋዎች ስድስቱ በማሳያ ክፍሉ ተደረደሩ፤ የቀሩት ግቢው ውስጥ በላስቲክ ተሸፍነው ቆሙ። ትንሽ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱ፣ ወረቀቱ ላይ የሥልጠናው እስክሪብቶ። ያን ቀን ያረፈደ አልነበረም። መሪው ክራቫት አስሯል። ለንግግሩ ሲባል ሬዲዮው ተዘጋ፤ የመብራት መጥፋት የሚያደርገውን ንግግር አደረገው።

ሰብሳቢዋ ገባች፣ ሰላምታ ሰጠች፣ መሐል ካለው ሶፋ ላይ ተቀመጠች። ኮሽ አለ። ሻጯ ሳለች።

«ጉንፋን ነው?» አለቻት ሰብሳቢዋ።

«አቧራ ነው» አለች ሻጯ።

ሰብሳቢዋ የሚያንጸባርቀውን ወለል አየች። አረፍ በሉ ብላ የቆሙትን ጋበዘች። ሁሉም አመሰገነ፤ ማንም አላረፈም። አሠልጣኙ ቆሞ የሚናገር ሰው ስላለው ኃይል ጥቂት ተናገረ። አናጢው ወገቡን ያዘ።

መሪው ወደ ግድግዳው ዞሮ ጀመረ። ሰው ሶፋ ሲገዛ ጨርቅ አይገዛም አለ፤ የማያየውን ነገር አምኖ ነው የሚገዛው፤ ስለዚህ የኛ ሥራ ሶፋ መሸጥ አይደለም፣ እምነት መሸጥ ነው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ይህም እንባ የውሸት አልነበረም፤ የሰውየው ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ምሰሶ ጨርሶ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ እጁን ወደ ጋሽ መርፌ ዘረጋ።

ጋሽ መርፌ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ሌሊቱን ሙሉ የሚናገረውን ሲያዘጋጅ አድሮ ነበር፤ እስክሪብቶውን ሲጨብጥ አንዱም አልመጣለትም። ጎንበስ አለ። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ቤት ማንም ያልጠራውን የገዛ ስሙን የመጀመሪያ ፊደል ጻፈ።

በሩ ተከፈተና የመሪው እናት በከዘራ እየተደገፉ ገቡ። ማንም አልጠራቸውም። ልጅሽ ሊሸለም ነው ብላ የነገረቻቸው ጎረቤታቸው ናት፤ እስከ በሩ ያደረሰቻቸውም እሷው። ደረጃው አድክሟቸዋል።

«አትነሱ፣ አትነሱ» አሉ፤ ከሰብሳቢዋ በቀር የተቀመጠ ሰው አልነበረም። «ማሙሽዬ፣ አንተ ቀጥል፣ እኔ እዚህ ጥግ ቁጭ ልበል።»

ከሰብሳቢዋ ጎን ወዳለው ሶፋ ሄዱ። ዞሩ። ከዘራቸውን ወደ ግራ እጃቸው አሳለፉና በቀኛቸው መቀመጫውን እየፈለጉ ጉልበታቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

«እማዬ፣ እሱ ላይ አይደለም» አለ መሪው።

ድምፁ ከፍ ያለ አልነበረም። ወር ሙሉ ሲናገርበት የከረመው የመሪ ድምፅም አልነበረም፤ የድሮው ድምፁ ነው። ንግግሩን ጥሎ፣ ሁለት ሰው ገፍቶ፣ የእናቱን ክንድ ያዘ። ለአናጢው ያዛቸው ብሎ ሰጠና ከኪሱ ቁልፍ እያወጣ ወደ ዕቃ ቤት ሮጠ። ነጩን ወንበር በሁለት እጁ ይዞ ተመለሰ፤ በክራቫቱ ጠረገው፤ በብብታቸው ደግፎ ቀስ አድርጎ አስቀመጣቸው። በዚያ ወር ከሠራው ሥራ ሁሉ እንከን ያልነበረበት ይሄ ብቻ ነው።

እናቱ ቅር አላቸው። «አንተ የሠራኸው ላይ ልቀመጥ ብዬ መጥቼ?»

«ሐኪሙ የሚሰምጥ ነገር ላይ አትቀመጪ አላለሽም እንዴ፣ እማዬ?»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። መሪውም ያወቀው ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ቀና አለ። ፊት ለፊቱ ግድግዳው ነበር፤ እሱን ሸሽቶ ወደ ወለሉ አየ።

ሰብሳቢዋ መጀመሪያ አሮጊቷን፣ ቀጥሎ ወንበሩን፣ ቀጥሎ ዙሪያዋን የቆሙትን ሰዎች አንድ በአንድ አየች። ማን እንደቆመ የቆጠረች ትመስል ነበር። ከዚያ ከሶፋው ቀስ ብላ ተነሳች። ኮሽ አለ። ሻጯ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልሳለችም።

«ሌላ የፕላስቲክ ወንበር አላችሁ?» አለች ሰብሳቢዋ።

«ድንቅ ጥያቄ ነው» አለ አሠልጣኙ።

ጋሽ መርፌ አንድ ፊደል በተጻፈበት ወረቀት ላይ እስክሪብቶውን አጋድሞ ወደ ሥራ ክፍሉ ገባ። ሲመለስ ሲሠራ የሚቀመጥበትን በርጩማ ይዞ ነበር፤ ሙጫ የነጠበበት፣ አንድ እግሩ በምስማር የተጠገነ። ሰብሳቢዋ ፊት አኖረው።

«ይሄ እንጨት ነው» አላት። «ውስጡ ምንም የለውም።»

ሴትዮዋ ተቀመጠች። ኮሽ ያለ ነገር አልነበረም።